በአንድ ዓይን የሳልኳት እናቴ

ባለፈው ሰሞን የሕንፃችንን የደረጃ መደገፊያ ቀለም የሚቀባ ሰው መጥቶ ጣሳዎቹን ደጄ ላይ ደረደረ። የቀለሙ ሽታ ምንም አላለኝም። ብሩሹን ሊያጥብ የቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ ሲያፈስ ግን እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው በራቸውን ሲዘጉ እኔ ወንበር አውጥቼ ቁጭ አልኩ። ሰውየው "እህት፣ ራስሽን ያምሻል እኮ" አለኝ። ይመመኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ካርቱም ነበርኩ፤ ሳጃና በሚባለው ሰፈር፣ ከጎረቤታችን ከጋሽ ዳምጤ ክፍል ፊት ለፊት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በጣቶቼ መሃል ሦስት ብሩሽ ይዤ።

ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ሁሉ ዛሬ አላወራም። የማወራው ስለ አንድ በጋ፣ ስለ አንድ ደብተርና በዚያ ደብተር ውስጥ እናቴ ላይ ስለሠራሁት ግፍ ነው። ግፍ ብዬ ስጀምር የልቅሶ ጽሑፍ እንዳይመስላችሁ። ያን በጋ ሳስታውስ ከሁሉ የሚቀድመኝ ምስጋና ነው።

እኔና እናቴ የምንኖረው ሦስት ቤተሰብ በሚጋራው ሆሽ ውስጥ ነበር። የካርቱም ሰው ግቢውን ሆሽ ይለዋል፤ እኔም እዚያው ስላደግኩ ሌላ ስም አላውቅለትም ነበር። በበጋ ማንም ክፍሉ ውስጥ አይተኛም። አልጋዎች ሁሉ ይወጣሉ፣ አንሶላ በውሃ ይነከራል፣ ገና ጎንን ሳያሳርፉበት ይደርቃል። ውሃው ከቧንቧው ሲወርድ ሻይ ለማፍላት ግማሽ መንገድ ሄዶ ነው የሚመጣው።

በዚያ ዓመት እናቴ ካፉሪ አዳሪ ሆና ሥራ ገባች። ካፉሪ ከወንዙ ማዶ ያለ የባለጸጎች ሰፈር ነው። በፊት እየተመላለሰች ነበር የቤት ሥራ የምትሠራው። አዳሪ የሆነችው የእኔን ትምህርት ቤት ለመቻል መሆኑ አሁን ይገባኛል፤ ያኔ የገባኝ ግን ዓርብ ጠዋት መጥታ ዓርብ አመሻሽ ላይ የምትሄድ ሰው መሆኗ ብቻ ነው። ቀሪውን ሳምንት የምውለውም የማድረውም ከጎረቤቶቻችን ከጋሽ ዳምጤና ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነቡ ጋር ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። እኔን ሲያገኙ ደግሞ ያላሳደጓቸውን ልጆች ሁሉ እኔ ላይ አሳደጉ ማለት ይቻላል።

እትዬ ዘነቡ በራቸው ላይ በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ። ጋሽ ዳምጤ ሰዓሊ ናቸው። ሰዓሊ ስል ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን መልአክ የሚስሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ለሥጋ ቤት የፍየል ጭንቅላት የሚስሉ ሰው ማለቴ ነው። የሳጃና የሻይ ቤት ምልክት፣ ረክሻ የሚባለው ባጃጅ ጀርባ ላይ ያለ አበባ፣ የፀጉር ቤት ቆንጆ፣ ሁሉም የእሳቸው እጅ ነበር። በትክክል ካያችሁት ቆንጆዋም፣ ፍየሉም፣ መልአኩም ይመሳሰላሉ። የእኔ ሥራ ብሩሽ ማጠብ ነበር።

ደብተሩ የመጣው በእትዬ ዘነቡ ስሞታ ነው።

"ይቺ ልጅ አማርኛዋ አልቋል" አሉ አንድ ምሳ ላይ። "ውሃ አቀብዪኝ ብላት 'እሺ፣ ትንሽ' በማለት ፈንታ 'ጠይብ፣ ሽወያ ጠብቂ' ትለኛለች። በምን ቋንቋ ልቆጣት?"

"ኸላስ፣ ተይው፣ መላ አለው" አሉ ጋሽ ዳምጤ። የእሳቸውም አማርኛ ከእኔ ብዙም አይሻልም ነበር።

በማግስቱ መስመር የሌለው ወፍራም ደብተር ገዝተው መጡ። ሕጉም አጭር ነበር። በቀን አንድ ፊት ይሳላል። ከፊቱ ስር በአማርኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። ሁለት ከጻፍኩ ውሸት እጀምራለሁ አሉኝ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የለመድኩት ከቀኝ የሚጀምረውን አረብኛ ስለነበር ደብተሩን ገልብጬ ከመጨረሻው ገጽ ጀመርኩት። ጋሽ ዳምጤ አይተው ሳቁ፤ "ከወደድሽበት ጀምሪ፣ መሃል ላይ ብቻ አትጣይው" አሉ።

የራሴ ቀለም አልነበረኝም። ብሩሽ ላይ የቀረውን፣ አኳራጅ ውስጥ ከመንከሬ በፊት፣ ወረቀቱ ላይ እጠርገው ነበር። ስለዚህ ጋሽ ዳምጤ የሻይ ቤት አረንጓዴ በሚቀቡበት ቀን የሳልኩት ሰው ሁሉ አረንጓዴ ነው። የሥጋ ቤት ቀን ሰው ሁሉ ቀይ ነው። የመጀመሪያዋ እትዬ ዘነቡ አረንጓዴ ነበሩ፤ ከስራቸው "እትዬ ዘነቡ በርበሬ ሲሰፍሩ ያስነጥሳቸዋል" ይላል። ያቺን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ጠዋት ሙሉ ፈጅቶብኛል፤ ደግሞም ኮርቼባታለሁ።

ከዚያ የዓይኑ ነገር መጣ። ጋሽ ዳምጤ አቡጀዲ በእንጨት ላይ ወጥረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይዘው ነበር። መልአኩን ጨርሰው ከእግሩ ስር የተረገጠውን ሰይጣን ጀምረዋል። መልአኩ ትልልቅ ሁለት ዓይኖች አሉት። ሰይጣኑ ግን በጎኑ ዞሮ ያለው አንድ ብቻ ነው።

"ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?" አልኳቸው።

"ክፉ በጎኑ ነው የሚሳለው" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። "ቅዱስ ፊቱን ወደኛ ያዞራል፣ ሁለት ዓይን ይሳልለታል። ለክፉ አንዱ ይበቃዋል። ያስተማሩን የድሮ ሰዓሊዎች እንዲህ ነበር የሚሠሩት። በይ፣ ያን ቀይ ብሩሽ።"

ለእሳቸው ይህ የሙያ ወግ ነበር። እኔ ግን ሥልጣን የተሰጠኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆሹ ውስጥ ፈራጅ ሆንኩ፤ ለማን ሁለት ዓይን እንደሚገባው፣ ለማን አንድ እንደሚበቃው እኔ ነኝ የምወስነው። ውሃችንን የዘጋው የሆሹ ባለቤት አንድ ዓይን ተሳለለት። የጎረቤት ፍየል ሁለት አገኘች። እትዬ ዘነቡ መራራ መድኃኒት ባስዋጡኝ ቀን አንዱን ተቀሙ፣ በማግስቱ ጣፋጩን ሃላዋ ሲሰጡኝ ተመለሰላቸው። ሰማዩን ቡናማ ያደረገው ሀቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ድስታችንን ሁሉ አሸዋ ሞልቶ ሲሄድ ለእሱም አንድ ትልቅ ዓይን ሳልኩለት። ለማንም አላሳየሁም። ጋሽ ዳምጤም የሚያዩት ፊደሌን እንጂ ፍርዴን አልነበረም።

እናቴ ዓርብ ዓርብ ስትመጣ በረኪና በረኪና ትሸታለች። በእጇ ሁልጊዜ ፌስታል አለ፤ ውስጡ የሪም ልብስ። ሪም የአሠሪዋ የሲት አማል ልጅ ናት፤ የእኔ እኩያ። እናቴ ጫማዋን እያወለቀች ስለ ሪም ታወራለች። ሪም እናቴ አጠገቧ ካልተቀመጠች አትበላም። የሪምን ፀጉር የምትሠራው እናቴ ናት። ሪም የሒሳብ ፈተና ወደቀች። እሰይ፣ እላለሁ በሆዴ።

ቀጥሎ እናቴ አልጋው ላይ ትጋደማለች። እኔ የሳምንቱን ስድስት ፊቶች ይዤ ከጎኗ እቀመጣለሁ። "እሺ የኔ ቆንጆ፣ አሳዪኝ" ትለኛለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ተኝታለች። እንቅልፏ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ዝንብ ከንፈሯ ላይ ሲሄድ አትሰማም። እኔም በልጅ አእምሮዬ ደመደምኩ። ለሪም ነቅታ፣ ለእኔ የምትተኛ እናት ናት ያለችኝ። እንቅልፉን ሆን ብላ ለእኔ የምታስቀምጠው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ፀጉሬን ልትሠራልኝ ቃል ገብታ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ጀምሬ ፈትቼ፣ ቅባት ተቀብቼ፣ አበጥሬ ጠበቅኳት። መጣች፣ ማበጠሪያውን ያዘች፣ ማበጠሪያውን እንደያዘች ተኛች። ደሜ ፈላ። ጋሽ ዳምጤ ጠዋት አንድ ረክሻ ሰማያዊ ቀብተው ስለነበር ብሩሹ ገና እርጥብ ነበር። አልጋው ጎን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳልኳት፤ ሰማያዊ፣ በጎኗ፣ አንድ ዓይን። ተኝታ ሳለ ዓይኗን ገልጬ፣ ልክ እንደዚያ እንደ ሰይጣኑ አፍጥጬ ነው የሳልኩት። ከስሯም ጻፍኩ፦ "ይህች ሴት የሪም ናት።"

እትዬ ዘነቡ በረዶ ግዢ ብለው ላኩኝ። ስመለስ እናቴ ነቅታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ተከፍቷል። እናቴ ፊደል አታውቅም። ሥዕል ግን ታነባለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ያየችው እሱኑ ነው፤ የአንድ ዓይንን ትርጉም ከእኔ በፊት ታውቀዋለች።

 ደብተሩን ዘጋችው፣ በጉልበቶቿ መሃል አስቀመጠችኝና ፀጉሬን ሠራችኝ። ሌላ ጊዜ ስትሠራኝ ወሬዋ አያልቅም፤ ያን ቀን የሰማሁት የማበጠሪያውን ድምፅ ብቻ ነው። ከሰዓቷ ቀድማ ሄደች። በማግስቱ ደብተሩን ስከፍት ገጹ የለም። በምላጭ፣ አንድ ክር ሳይቀር፣ ተቆርጧል።

በዚያ ሳምንት ዝናቡ ጀመረ። ካርቱም ላይ ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚሄድበት ስለሌለው ከሰው ጋር መኖር ይጀምራል። መንገዱ ኩሬ ሆነ፣ የሆሹ ግንብ አንድ ጥግ ተናደ፣ አልጋዎቻችንን በጡብ ላይ ሰቀልናቸው። ዓርብ መጣ፤ እናቴ አልመጣችም። ጋሽ ዳምጤ ደወሉ፣ ስልኳ ዝግ ነው።

"ጎርፉ ነው ያስቀራት" አሉ እትዬ ዘነቡ። "ሀፍላ የለም፣ በምን ትመጣለች? ነገ ኢንሻላህ ትመጣለች።"

እኔ ግን ጎርፍ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰይጣን አድርጌ ስያት ነው። በቃ፣ ወደምትወዳት ልጅ ሄዳ ቀረች። የሪም ናት ብዬ ጽፌ ፈርሜ ሰጠኋት። ቅዳሜም አልመጣችም። እሑድ ምሳ አልበላ አለኝ፣ እትዬ ዘነቡ ግንባሬን ዳሰሱኝ፣ ትኩሳት የለም። ብሩሽ ሳጥብ ጋሽ ዳምጤ አጠገቤ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"ደብተርሽ ሦስት ቀን ባዶ ነው" አሉኝ።

ያኔ ፈነዳሁ። የሆሹን ባለቤት ዓይን፣ የእትዬ ዘነቡን ዓይን፣ የእናቴን ዓይን፣ የተቆረጠውን ገጽ፣ ከስሩ የጻፍኩትን፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጋሽ ዳምጤ ብሩሹን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ማጠብ ጀመሩ። ፊታቸው ጠቆረ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያፈሩት በራሳቸው ነው።

"ስትስያት የት ነበርሽ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አልጋው ጎን፣ መሬት ላይ።"

"ከጎን የተቀመጠ ሰው የሚታየው አንድ ዓይን ነው። ያ የሷ ጥፋት ነው?"

ጣቴ ላይ የቀረውን ቀለም በቀሚሴ ጠረግኩ።

"እኔ ያስተማርኩሽ የግድግዳ ሥዕል ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው አይሆንም። ይህን አብሬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር" አሉና ብሩሹን አራግፈው ተነሱ። "ያላ፣ ጫማሽን አድርጊ። ከፊት ለፊቷ ሄደሽ ታያታለሽ።"

ጋሽ ዳምጤን እስከ ዛሬ የማመሰግናቸው በዚህ ነው። "ተይው፣ ትመጣለች" ማለት ይችሉ ነበር። ለአንድ ሕፃን ሐሳብ ብለው፣ እሑድ በቀትር፣ የቤተ ክርስቲያን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ጭቃ ውስጥ ገቡ። እትዬ ዘነቡ በርበሬ ቋጥረው አስያዙን፤ ባዶ እጅ አይኬድም ብለው። ደብተሬን በፌስታል ጠቀለልኩት። አንድ ሀፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቀረብን፣ ሌላ ያዝን፣ ወንዙን ተሻገርን። ወንዙ ሞልቶ ቀይ ሆኗል። ከድልድዩ ወዲያ በረክሻ ሄድን፤ የረክሻው ጀርባ ላይ የጋሽ ዳምጤ አበባ ነበር፣ ግን ለሾፌሩ አልነገሩትም።

የቪላውን በር የከፈተችልን ልጅ ቀጭን፣ ጥርሶቿ ላይ ሽቦ ያላት፣ የተኮሳተረች ናት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ የለበስኩት የራሷን የድሮ ቀሚስ ነው።

"አንቺ ራሒል ነሽ" አለችኝ በአረብኛ። "ሥዕል የምትስይዋ።"

እናቴን እዚያ ቤት ሙና ነበር የሚሏት፤ ሙሉነሽ አፋቸው ላይ አልገባ ብሎ። "ሙና ስላንቺ ማውራት አታቆምም" አለች ሪም። "ራሒል ይህን ሳለች፣ ራሒል ከወጡ ሽንኩርት ለቅማ ታወጣለች፣ ራሒል ሳይነገራት ታነባለች። ሰልችቶኛል።" ይህን ብላ በሩን ለቀቀችልን። ስድስት ወር ሙሉ የጠላኋት ልጅ ስድስት ወር ሙሉ እኔን ስትጠላ ኖራለች። 

እናቴ የኋላው በረንዳ ላይ ነበረች። ጎርፉ ምድር ቤቱ ገብቶ፣ ምንጣፉ ወጥቶ፣ እሷ በረጅም የጎማ መጥረጊያ ጭቃውን ወደ ውጭ ትገፋለች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣለች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጀርባዋን ነው። ዞር ስትልና ስታየን መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

"ምን ሆነች? ታመመች?"

"ማንም አልታመመም" አሉ ጋሽ ዳምጤ። "ናፍቀሻት ነው። ስልክሽስ?"

"ባልዲ ውስጥ ወደቀብኝ። በማን መልእክት ልላክላችሁ? ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ነው የምንገፋው።"

ሲት አማል ከውስጥ ወጡ። ወፍራም፣ እሳቸውም ቀሚሳቸው የረጠበ ሴትዮ ናቸው። እኔን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ "ሙና፣ ኸላስ፣ ከልጅሽ ጋር ትንሽ ተቀመጪ" አሉ። ለጋሽ ዳምጤ ወንበርና ውሃ አስመጡላቸው።

የእናቴ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ሚስማር። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ገጼ በፕላስተር ተለጥፏል። ሰማያዊዋ እናቴ በጎኗ ዞራ ታፈጥጣለች። ከአፍንጫዋ ወዲያ ደግሞ፣ ባዶው ወረቀት ላይ፣ ከፊቷ ውጭ ለብቻው የተንጠለጠለ ጥቁር ዓይን አለ። ተንጋዷል፤ ሽፋሽፍቱ እንደ ማበጠሪያ ነው።

"ይሄን ማን ሳለው?" አልኳት።

"እኔ ነኛ። በዓይን ኩሌ ነው የሳልኩት፣ ሌላ ምን አለኝ?" አለች። አፍራ ሳቀች። "ሁለተኛውን ልጨምርላት ብዬ ቦታ አጣሁለት። ገጹንም የቆረጥኩት እትዬ ዘነቡ እንዳያዩት ብዬ ነው። ልጇ ሰይጣን አድርጋ ሳለቻት ይባልልኝ?" ከዚያ ሳቋን ተወችና ጣቷን ከሥዕሉ ስር አሳረፈች። "ይሄ ግን ምን ይላል? እዚህ ቤት የሚያነብልኝ የለም።"

ልዋሽ ፈለግኩ። "ስምሽ ነው" ብላት ታምነኛለች። ግን ያን ዓይን አይቼ መዋሸት አቃተኝ፤ "ይህች ሴት የሪም ናት ይላል" ብዬ አነበብኩላትና ማልቀስ ጀመርኩ።

እናቴ ወዲያው አላቀፈችኝም። አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን በባልዲው ውሃ ማጠብ ጀመረች።

"ስድስቱን ቀን የሷ ነኝ፣ አልዋሽሽም" አለች። "እጄም እግሬም እዚህ ነው። አፌ ግን ካንቺ ወጥቶ አያውቅም። ሪምን ጠይቂያት።"

"ነግራኛለች።"

"እና ዓይኔን መልሺልኛ።"

ባልዲውን ደፍቼ ከፊት ለፊቷ ተቀመጥኩበት። የነበረኝ እርሳስ ብቻ ነው። እናቴ የመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከፀጉሯ ጀመርኩ። ግንባሯን፣ ጆሮዎቿን ሠራሁ። ዓይኗ ጋ ሳልደርስ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተኛች።

ከፊት ለፊት ሆኜ ስትተኛ አይቻት አላውቅም ነበር። ከዓይኗ ስር ያበጠውን፣ የተሰነጠቀውን ከንፈሯን፣ መጥረጊያውን ገና የያዘች ያህል የተጨበጡትን እጆቿን አየሁ። አልቀሰቀስኳትም። ሁለቱንም ዓይኖቿን እንደተጨፈኑ ሳልኳቸው፤ ሁለቱንም በእርሳሱ ኩዬ፣ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር። ከስሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ።

ስትነቃ ደብተሩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ያዘችው።

"ይሄስ ምን ይላል?" አለችኝ።

"እናቴ ደክሟታል ይላል።"

እናቴ ደከመኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ለእኔም፣ ለእትዬ ዘነቡም፣ ለማንም። ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፈች።

"አዎ" አለች። "በጣም ደክሞኛል፣ ራሒዬ።"

ይህን ብላ አልጋው ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ጭኔ ላይ ጋደም አለች። ሲት አማል እስኪጠሯት ድረስ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኳት።